ጉዳዩ ያልተጻፈበት ጀግና

ይህን የምጽፈው የሲኒማ ሊቅ ሆኜ አይደለም። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ሥራዬም በሆሳዕና ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ መቀበል፥ ቍጥር መስጠት፥ ከማኅደሩ ጋር ማያያዝ፥ ነገሩ ሲያልቅም መዝገቡን መዝጋት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። «ማኅደር ያዥን ከፊልም ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን ነገርን ነገር ያነሣዋልና፥ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በልቤ ሲመላለስ የኖረውን ጉዳይ የቀሰቀሰብኝ አንድ ፊልም ስለ ሆነ ከዚያው እጀምራለሁ። የፊልሞቹን ዘመን በኤውሮጳ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ነገር ግን ዓመተ ምሕረት እያልሁ በራሳችን አቈጣጠር እንደምጽፍ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እኔ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፥ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ፥ ለእኛ ለልጆች ሲኒማ ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፥ ጣራው ቆርቆሮ፥ መቀመጫው ጠባብ አግዳሚ ነው። ብርሃን እንዳይገባ በመስኮቱ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፤ የዕለቱም ፊልም ስም በደጅ በጥቍር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ቋንቋውን የሚሰማ ከመካከላችን ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ማን ማንን እንደ በደለና ማን ስለ ምን እንደሚበቀል ለማወቅ አንድም ቀን አልተቸገርንም። አንዳንድ ጊዜ መብራት ይጠፋና ታሪኩ ከመካከል ይቋረጣል። ያን ጊዜ ወደ ቤታችን ስንመለስ የቀረውን እያንዳንዳችን በየፊናችን እንፈጥረው ነበር። በእውነቱ ከሆነ፥ ድርሰት ምን እንደ ሆነ መጀመሪያ የተማርሁት በዚያ በጨለማ መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ያዝሁ፤ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርም ከባልደረባዬ በዱቤ ገዛሁ። በ2006 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ማታ፥ ፊልም ከሚጭኑት ሱቆች በአንዱ በፍላሽ ያስጫንሁትን «ዚ አሜዚንግ ስፓይደርማን» የተባለውን የ2012 ፊልም ከታናሽ ወንድሜና ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ተቀምጠን አየን። ሁለቱም በዚያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበሩ።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው። ፒተር ፓርከር የተባለው ወጣት ከአጎቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ይወጣል። ወደ አንድ ሱቅ ገብቶ ወተት ሊገዛ ሲል ጥቂት ሳንቲም ይጐድለዋል፤ ሻጩም አልሰጥም ይለዋል። ወዲያው አንድ ሌባ የሱቁን ገንዘብ ዘርፎ ሲሮጥ፥ ፒተር ሊይዘው ሲችል በሻጩ ተቀይሟልና ዝም ይላል። ያም ሌባ ፒተርን ፍለጋ የወጣውን አጎቱን በመንገድ ላይ ተኵሶ ይገድለዋል። ከዚህ በኋላ ወጣቱ በእጁ አንጓ ላይ የኮከብ ንቅሳት ያለበትን ገዳይ ሌሊት ሌሊት ያድናል። ፊልሙ ከተጋመሰ ወዲህ ግን ወደ እንሽላሊትነት የተለወጠ አንድ የሳይንስ ሊቅ ከተማይቱን ያስጨንቃል፤ ወጣቱም ከእርሱ ጋር ሲታገል ታሪኩ ያልቃል።

መብራቱን ሳበራ የጎረቤታችን ልጅ «ጋሼ፥ ገዳዩስ የት ደረሰ?» አለኝ። ወንድሜ «በክፍል ሁለት ይያዛላ!» ብሎ መለሰለት። እኔ ግን እንቅልፌ መጥቶ ስለ ነበር «ፊልም እኮ ነው፤ ተዉት» አልኋቸው። ክፍል ሁለት በ2014 ወጣ፤ ገዳዩ በዚያም የለም። ሦስተኛው ሳይሠራ ቀረ፤ በ2015 ሶኒና ማርቨል የተባሉት የፊልም ኩባንያዎች ተስማምተው ታሪኩ በሌላ ተዋናይ እንደ አዲስ ተጀመረ። ያ ገዳይ አልተያዘም፤ የሚፈልገውም የለም።

በመዝገብ ቤት ሕግ ይህ ነውር ነው። አንድ ደብዳቤ ወደ እኛ ሲመጣ ቍጥርና ቀን ይኖረዋል፤ ከዚያ በታች «ጉዳዩ፦» የሚል መስመር አለ። ጉዳዩ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራ አይታወቅም፤ ጽሕፈቱ ምንም ቢያምር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል። ሁለተኛው ሕጋችን ደግሞ የተከፈተ መዝገብ አንድ ቀን መዘጋት አለበት የሚለው ነው። ተፈቅዷል፥ ተከልክሏል፥ ወይም ለሌላ መሥሪያ ቤት ተላልፏል ይባላል፤ ብቻ አንድ ነገር ይባላል። እኔ እንደማየው ድርሰትም በእነዚሁ በሁለት ሕጎች ይገዛል። ባለታሪኩ የሚነሣበት ምክንያት «ጉዳዩ» ነው፤ ደራሲው በተመልካቹ ልብ የከፈተው ጥያቄ ደግሞ መዝገቡ ነው። ሱፐር ሂሮ በሚባሉት፥ በአማርኛ ልዕለ ኀያላን ልንላቸው በምንችለው ጀግኖች ፊልም ላይ የማየው ጉድለት ከሞላ ጎደል ከእነዚህ ከሁለቱ የሚወጣ ነው።

አስቀድሜ ስላልተዘጋው መዝገብ ልናገር። በ2008 በወጣው «ዚ ኢንክሬዲብል ኸልክ» ሳሙኤል ስተርንስ የተባለ ሊቅ ይወድቅና የኸልክ ደም በቈሰለው ግንባሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ራሱም ማበጥ ይጀምራል። ተመልካቹ ይህ ሰው ምን ሊሆን ነው ብሎ ሲጠብቅ ፊልሙ ትቶት ያልፋል። መልሱ በፊልም የመጣው በ2025 በ«ካፒቴን አሜሪካ፦ ብሬቭ ኒው ወርልድ» ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። በ2008 የተወለደ ልጅ መልሱን ያገኘው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለመሆን ከበቃ በኋላ ነው። በ2021 በወጣው «ኢተርናልስ» ደግሞ ተራራ የሚያህል ፍጡር ራሱንና እጁን ከውቅያኖስ አውጥቶ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ዓለም ሁሉ ሊደነግጥበት የሚገባው ይህ ነገር እስከዚያው እስከ 2025ቱ ፊልም ድረስ ቁም ነገር ሆኖ ሲነሣ አልታየም።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ስንፍና ብቻ አይደለም። እነዚህ ፊልሞች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ የአንዱ መጨረሻ የሌላው ማስታወቂያ ነው። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ካለፈ በኋላ የምትመጣው አጭር ትርኢት ለሚመጣው ፊልም ቀብድ መቀበያ ናት። ቀብዱን የሚከፍለው ተመልካቹ ነው፤ ዕቃውን የሚያስረክበው ግን ሌላ ደራሲ፥ ሌላ ዲሬክተር፥ አንዳንድ ጊዜም ሌላ ኩባንያ ነው። ውሉ ሲፈርስ ጥያቄው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ከዚህ የሚብሰው የተዘጋውን መዝገብ እንዳሻ መክፈት ነው። በ2002 በወጣው «ስፓይደርማን» የአጎቱ ገዳይ በዚያው ሌሊት ተገኝቶ ከመስኮት ወድቆ ይሞታል። በ2007 በሦስተኛው ክፍል ግን ፖሊሶች እውነተኛው ገዳይ ሌላ ሰው ነው ይላሉ። ጀግናው በመጨረሻ ለዚያ ሰው ይቅርታ ማድረጉ መልካም ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ይቅር የተባለው በደል ከአምስት ዓመት በኋላ በማኅደሩ ውስጥ የተሰካ ወረቀት ስለ ሆነ ልብን ዘልቆ አይነካም።

አያቶቻችን በዚህ ረገድ ይበልጣሉ። እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ፤ ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፥ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። እኔ እንደሚገባኝ፥ ተረት እንደ ላም ከበረት ወጥቶ ወደ በረት የሚመለስ ነገር ነው። ይህን ስል ታሪክ ሁሉ በሠርግ ወይም በቅጣት ይለቅ ማለቴ አይደለም። ዐውቆ የሚተው ደራሲ አለ፤ ረስቶ የሚተው ደራሲም አለ። ዐውቆ የተወው ጥያቄውን ለአንባቢው አደራ ይሰጠዋል፤ ረስቶ የተወው ግን አደራውን በልቶ ሄዷል።

ወደ ሁለተኛው ጉድለት ልለፍ፤ ይኸውም ጉዳዩ ያልተጻፈበት ጀግና ነው። በ2016 በወጣው «ባትማን ቪ ሱፐርማን» ባትማን ሱፐርማንን ሊገድል ይዘጋጃል። ለጥላቻው ምክንያት አለው፤ በሱፐርማን ውጊያ ሕንጻ ሲፈርስና ሰው ሲያልቅ በዐይኑ አይቷል። ጦሩን ሊሰካበት ሲል ግን ሱፐርማን የእናቱን ስም «ማርታ» ብሎ ይጠራል፤ የባትማንም እናት ማርታ ትባል ነበርና ያ ሁሉ ጥላቻ ተንኖ ጠፍቶ ወዳጆች ይሆናሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ጠላቴ ያልሁት ሰው ለካ እናት አለችው ብሎ መደንገጥ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፊልሙ ሁሉ የገነባውን ቂም በአንድ ስም ማፍረስ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ታረቅን እንደ ማለት ይሆናል። ዕርቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፥ ስንት ምልልስም እንደሚጠይቅ የሚያውቅ የእኛ አገር ተመልካች ይህን አይቀበልም።

በ2018 በወጣው «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዎር» ላይ ያለው ታኖስ ግን ቢያንስ ጉዳዩን ጽፏል። ፍጥረቱ በዛ፥ ሲሳዩ አነሰ፤ ስለዚህ ግማሹን ላጥፋ ይላል። ይህ ጥያቄ ለሀዲያና ለከምባታ ሰው እንግዳ አይደለም። እንሰት በጠባብ መሬት ብዙ ሰው የሚያኖር ተክል ነውና አገሩ በሕዝብ የተጨናነቀ ነው፤ አባት ለልጆቹ፥ ልጆቹም ለልጆቻቸው መሬት ሲያካፍሉ የጓሮ ያህል ብቻ የሚደርሰው ሰው ብዙ ነው። ጥያቄውን እናውቀዋለን፤ የማይገባን መልሱ ነው። የፈለገውን ሁሉ ለማድረግ የሚያስችል ኀይል በእጁ ሳለ፥ ሲሳዩን እጥፍ ማድረግን ስለ ምን አላሰበም? ደግሞስ በ2018 በምድር ላይ የነበረው ሕዝብ ወደ 7.6 ቢሊዮን ነበር፤ ግማሹ 3.8 ቢሊዮን ይሆናል፤ ይህም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የሕዝብ ቍጥር ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ጥፋት ዓለምን ወደ ኋላ የሚመልሳት አምሳ ዓመት እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ይህን ሒሳብ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል።

በዚያው ዓመት የወጣው የራያን ኩግለር «ብላክ ፓንተር» ጉዳዩን በሚገባ የጻፈ ነው። የዋካንዳ ንጉሥ በአሜሪካ በኦክላንድ ከተማ የገዛ ወንድሙን ይገድላል፤ የወንድሙንም ልጅ በዚያው ጥሎ፥ ነገሩን ሸሽጎ ወደ አገሩ ይመለሳል። ያ ልጅ አድጎ ዙፋኑን ሊጠይቅ ሲመጣ፥ ተመልካቹ ሥራውን ባይወድለትም ስለ ምን መጣ ብሎ አይጠይቅም። በአገራችንም በዚሁ በ2018 በብስራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለ የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ልዕለ ኀይል ከማግኘቱ በፊት ምን እንዳጣ እናውቃለን፤ የዲፕሎማውን ወረቀት በፕላስቲክ ይዞ ከደጅ ደጅ የሚዞረውን ጎረሜሳ በየከተማችን አይተነዋልና። ልዕለ ኀይል ለድርሰት ቀላል ነገር ነው፤ የሚከብደው ከኀይሉ በፊት የነበረውን ሰው መጻፍ ነው።

እስከዚህ የጻፍሁት ስለ ሰው ፊልም ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን ስለ ራሴ ቤት ልናገር።

ወንድሜና የጎረቤታችን ልጅ በ2010 ዓ.ም. ለማንም ሳይነግሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ጕዞ ጀመሩ። ከሀዲያና ከከምባታ በዚህ መንገድ የሄደው ወጣት ብዙ ነው፤ በሞያሌ ወደ ኬንያ ይገባል፥ ከዚያም በታንዛኒያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ ያልፋል። ወንድሜ ከአምስት ወር በኋላ ደረሰ፤ ዛሬ ትንሽ ሱቅ አለው። የጎረቤታችን ልጅ አልደረሰም።

በመሥሪያ ቤቴ ስለ ስደት የሚጻፉ ሪፖርቶች በእጄ ያልፋሉ። «ምክንያት» በሚለው ዐምድ ሥር «የደላላ ማታለል»፥ «የጓደኛ ግፊት»፥ «ቶሎ የመክበር ፍላጎት» ተብሎ ይጻፋል። ለብዙ ዓመት እነዚህን ቃላት ሳልጠይቅ መዘገብሁ። አንድ ቀን ግን በፊልም የምነቅፋቸውን ጀግኖች አስታወሱኝ። አንድ ሰው እናቱን ሳይሰናበት ወጥቶ፥ በእግሩና በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ ስንት አገር የሚያቋርጠው በሁለት ቃል ምክንያት ነውን? እንዲህ ያለ ባለታሪክ በፊልም ባይ አላምንም እል ነበር። የገዛ ወንድሜን ግን ስለ ምን እንደ ሄደ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ከገንዘብ በቀር ምን ይሆናል ብዬ ዐምዱን ራሴው ሞልቼው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በስልክ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፥ ያን አጥር ስታጥር ምስማር አቀብልህ የነበርሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ወዲያው ገባኝ። በ2009 ዓ.ም. ላገባ ስል አባታችን ትቶልን በሞተው ጠባብ መሬት ላይ ቤት ሠርቼ ዙሪያውን አጥሬ ነበር። ታላቅ ነበርሁና ማንም አልከለከለኝም፤ የወንድሜ ድርሻ በጓሮ በኩል ጥቂት የእንሰት ረድፍ ሆኖ ቀረ። «በኋላ እናስተካክላለን» ብዬው ነበር፤ በኋላ አላስተካከልሁም። እንግዲህ በምክንያቱ ዐምድ ውስጥ የእኔም ስም መጻፍ ነበረበት። በታኖስ መልስ የሳቅሁት ሰው በአባቴ ጓሮ ላይ ያደረግሁት ከእርሱ ብዙም አይርቅም ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ እናት ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ አውራጃ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ስደተኞች ሞተው ተገኙ ሲባል፥ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ በምዚምባ የጅምላ መቃብር ተገኘ ሲባል፥ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በዛምቢያ በሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ ሲባል፥ እኒህ እናት በየጊዜው ወደ ቤቴ ይመጡ ነበር። ልጃቸው የጠፋው ከዚያ አስቀድሞ መሆኑን ያውቃሉ፤ ቢሆንም ይጠይቃሉ። የሚያረዳ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም። «ማን ይናገር የነበረ፥ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል፤ ነገር ግን የሚናገርም የሚያረዳም በጠፋ ጊዜ እንዴት እንደሚኖር ምሳሌው አይነግረንም። በየዓመቱ በመስከረም፥ ለያሆዴ በዓል ሰንጋ ሲታረድ፥ የልጃቸውን ድርሻ ለይተው ያስቀምጡ ነበር። አንድ ጊዜ ማመልከቻ ጻፍልኝ አሉኝ። «ጉዳዩ በሚለው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላቸው «የት እንደ ደረሰ ልወቅ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ልጃቸው ስለዚያ ገዳይ በጠየቀኝ ጊዜ የተናገረው ቃል ትዝ አለኝና ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

ይሁን እንጂ የነበረ ሰው ነበር፤ እርሱም ወንድሜ ነው። «በመንገድ ተለያየን» ከማለት በቀር አልተናገረም፤ እኔም እንዳይጨነቅ ብዬ አልጠየቅሁትም። የአጥሩን ነገር ከተነጋገርን በኋላ ግን «እናትየው የሚጠብቁት ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ ወሬውን ነው» አልሁት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በበዓሉ ማግስት ደወለላቸው። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ በመካከላችን አኖርሁት። በማላዊ ሌሊት ሲጓዙ ልጃቸው ትኵሳት ይዞት ከመንገድ ዳር መቀመጡን፥ መንገድ መሪው አልጠብቅም ማለቱን፥ እርሱም ተነሥ እያለ ጎትቶት ጎትቶት እንቢ ሲለው የራሱን ጃኬት አልብሶት ማለፉን ነገራቸው። እናትየው «ውሃስ ነበረው?» አሉ። «ግማሽ ጠርሙስ ተውሁለት» አለ። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ጃኬትህን ስለ ሰጠኸው እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉት። በዚያ ቀን ለይተው ያስቀመጡትን ሥጋ ቀቅለው ለሰፈር ልጆች አበሉ።

መዝገቡ አልተዘጋም፤ ነገር ግን አንድ ገጽ ተጨምሮበታል። እኔም ልዘጋው የምችለው አንድ መዝገብ ነበረኝና በኅዳር ወር ሁለት ሽማግሌዎች ጠርቼ የአባታችንን መሬት በገመድ አስለካሁ፤ አጥሩንም ነቅዬ ወደ ውስጥ መለስሁት። የወንድሜ ድርሻ ዛሬ በስሙ ተለይቶ ይገኛል።

እንግዲህ በትምህርት ቤት ድርሰት ለምትጀምሩ ወጣቶች፥ ለምታስተምሯቸውም መምህራን የምለው ጥቂት ነው። በኑሮ ልንዘጋቸው የማንችላቸው መዝገቦች ሞልተዋል፤ በወረቀት ላይ ግን ብዕሩ በእጃችሁ ነው። ባለታሪካችሁን ከቤቱ ከማስወጣታችሁ በፊት ስለ ምን እንደሚወጣ ጠይቁት፤ በአንድ ቃል ቢመልስላችሁ እንደ ገና ጠይቁት። በመንገድ የተዋችሁት ሰው ካለም ተመልሳችሁ የት እንደ ደረሰ ንገሩን፤ የሚጠብቅ ሰው አለና።